ስድስተኛው ቆርቆሮ

አባቴ ሣህሌ ፈሪ ሰው ነበር። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፤ ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም። እሱ ራሱ ሰው በተሰበሰበበት «ፈሪ ለእናቱ ይገባል» እያለ ይኩራራበት ነበር። ውሻ ይፈራል፣ ዳኛ ይፈራል፣ ፈረስ ይፈራል። ጭላሎ ተራራ ላይ መብረቅ ሲጮኽ እሱ አሰላ ሆኖ መስኮት ይዘጋል። እናቴ አፀደ ደግሞ የወታደር ልጅ ናትና በዚህ ነገሩ ሳትስቅበት የዋለችበት ቀን አላስታውስም።

እንጀራውን ያገኘው ግን በዚሁ ፍርሃቱ ነው። በዚያ ዘመን አሰላ ላይ አንድ የከብት ክትባት ቡድን ነበር፤ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአርሲን ከብት እንዳይፈጀው በየአገሩ እየዞረ የሚከትብ። ቡድኑ ከኋላዋ የእንጨት ቤት የተሠራላት ትልቅ መኪና ነበረችው። ውስጧ ሁለት ተጣጣፊ አልጋ፣ የላምባ ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ አላት። ፈረንጁ ሐኪም «ካምፐር» ይላታል፤ የአሰላ ሰው ግን «ቤት መኪና» ብሎ ገላገላት። ሹፌሩ ወልደ ሚካኤልና ከታቢው ቱፋ በእሷ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይዞራሉ። አባቴ አብሯቸው አይሄድም። የእሱ ሥራ መኪናዋ ተመልሳ እንደገና እስክትወጣ ድረስ ነው፤ ማጽዳት፣ የጎደለውን መሙላት፣ ሁሉንም በየቦታው ማሰናዳት።

ይህን ሥራ እንደ አባቴ የሚሠራው አልነበረም፤ ምክንያቱም ሌላው ሰው ዕቃ ሲጭን ዕቃ ነው የሚታየው፣ አባቴ ግን ሞት ነው የሚታየው። ክብሪት ሲያነሣ ክብሪቱ ረጥቦ ሁለቱ ሰዎች ተራራ ላይ በብርድ ሲደርቁ ይታየዋል፤ ስለዚህ ክብሪቱን በሰም በተቀባ ወረቀት ጠቅልሎ በሦስት ቦታ ይደብቃል። ገመድ ሲጠቀልል መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ስትሰምጥ ያያል፤ ሌላ ገመድ ይጨምራል። ፍራሹን ፀሐይ ያስመታል፣ በርሜሉን ሦስቴ ያለቀልቃል። የወልደ ሚካኤልንና የቱፋን የሥጋ ድስት፣ የክርስቲያኑንና የእስላሙን ማለት ነው፣ በተለያየ መደርደሪያ ያስቀምጣል። በሩ ላይ በሚስማር የመታው የዕቃ ዝርዝር ነበረ፤ መኪናዋ ከመውጣቷ በፊት ያንን እንደ ዳዊት ከላይ እስከ ታች ይደግመዋል። ወልደ ሚካኤል «ሣህሌ የጫነውን መኪና ይዘህ ሲኦል ብትሄድ ጨው አይጎድልብህም» ይል ነበር።

የአባቴ ጠላት አይጥ ነበረች። መኪናዋ ከጉዞ ተመልሳ በቢሮው ግቢ ባሕር ዛፍ ሥር ስትቆም አይጦቹ በወለሉ ስንጥቅ ይገቡና ሽሮውንም ፍራሹንም ይበላሉ። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ሰጠው። የአርሲ አይጥ ደግሞ ገብስ ለምዳለች፤ ሌላ ነገር ብታቀርብላት ትኮራለች። ስለዚህ አባቴ መርዙን ከበሶ ጋር እያሸ በአንድ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቀመጠው። የመኪናዋ ስንቅ ሁሉ የሚቀመጠው በእንደዚሁ ዓይነት ቆርቆሮ ነበር፤ ቢሮው ከዚያ ሌላ ዕቃ አልነበረውም።

ያ ቆርቆሮ መጀመሪያ እኛ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር። እኛ አራት ልጆች ነን፤ እኔ እታገኘሁ የመጀመሪያዋ ስሆን ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አባቴ ቆርቆሮውን ባየ ቁጥር አራታችንም ተሰልፈን ተገንዘን ይታየው ጀመር። ከፍ አድርጎ ሰቀለው፤ አላረካውም። ቀበረው፤ ውሻ ይቆፍረዋል ብሎ አወጣው። በመጨረሻ ቁልፉ ከእሱ በቀር በማንም እጅ የሌለበትን ቦታ አሰበና ወስዶ ቤት መኪናዋ ውስጥ ቆለፈበት። መኪናዋ የምትወጣው ረቡዕ ስለሆነ ማክሰኞ ያወጣዋል። አስቡት፤ ከፍርሃቱ የተነሣ ያደረገው ነው።

የካቲት ፲፱፻፶፬ ዓ.ም ነበር። ሰኞ ጠዋት ከጢቾ አንድ ፈረሰኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ስልኩ ተበላሽቶ ነበር። ከጢቾ ወዲያ ከብት እየሞተ ነው፣ ዛሬውኑ ድረሱ ይላል። ሐኪሙ አዲስ አበባ ነው። ወልደ ሚካኤል ሞተሩን አስነሥቶ ጡሩንባ ይነፋል፣ ቱፋ መድኃኒቱን ይጭናል፣ አባቴ ዝርዝሩን ይዞ ይሮጣል። ሻማ፤ አለ። ገመድ፤ አለ። የስንቅ ቆርቆሮ ስድስት። በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ስድስት። በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለወልደ ሚካኤል ሰጠ፤ መኪናዋም አቧራዋን አንሥታ ሄደች።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ምስር እለቅም ነበር። እናቴ ከጓዳ አንድ ቆርቆሮ ይዛ ወጣችና አባቴ ፊት አስቀመጠችው።

«ይኼን በሶ ማን ሊበላው ነው?» አለችው። «ትናንት ፈጭቼ ሳልጨርስ ሄዱ እኮ። ያለ በሶ ሸኟቸው?»

አባቴ ቆርቆሮውን አየው። «ስድስት ነበሩ» አለ።

«አምስት ናቸው የወሰዱት። ስድስተኛው ይኸው።»

«ቆጥሬያለሁ። ስድስት ነበሩ» አለና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ የገባኝ ነገር አልነበረም፤ እናቴ ግን ወዲያው ገባት መሰለኝ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። መርዙ ስድስተኛ ስንቅ ሆኖ ተቆጥሮ፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር በራሱ እጅ ተጭኖ ሄደ። ከዚያ ምን አደረገ ብትሉኝ፣ ምንም። ቢሮ ድረስ ሄዶ በሩን ሳያንኳኳ ተመለሰ። «ላይበሉት ይችላሉ» አለ። «ዳቦ አላቸው፣ ሽሮ አላቸው» አለ። ወዲያው ደግሞ «ብናገር ያስሩኛል፤ ልጆቼስ?» አለ። ሁለት ሰዓት ያህል ግቢውን ዞረ። እኔ አባቴን እወደዋለሁ፤ እነዚያን ሁለት ሰዓታት ግን እስከ ዛሬ አልማርኩለትም።

ያስነሣችው እናቴ ናት። አልጮኸችበትም። «እሺ ይቀመጡ» አለችው። «የወልደ ሚካኤልን ሚስት መርዶ የሚነግራት ግን እኔ አይደለሁም። እርስዎ ነዎት የሚነግሯት።» ጋቢውን አምጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

እስከ ሳጉሬ በነጋዴ መኪና እህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ ፈረስ ለመነና ወጣበት፤ አባቴ፣ ፈረስ ታስሮ ሲያይ እንኳ መንገድ የሚቀይረው ሰው። የጋለማን ተራራ ሲያቋርጥ ብርዱ ጣቶቹን አደረቃቸው፤ ልጓሙን በጥርሱ ይዤ ነበር ይል ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጅቡን፣ ገደሉን፣ ሽፍታውን ይፈራ ነበር። ያን ዕለት ግን ትልቁ ፍርሃት ትንንሾቹን ሁሉ ዋጣቸው። መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ በገበያ ኦሮምኛው «የሞተ ሰው አለ ሲባል ሰምተሃል?» እያለ ይጠይቃል። ሰዎቹ መጀመሪያ ሰላምታውን ያወርዱታል፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ። አባቴም አንድ በአንድ ይመልሳል።

ረቡዕ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጢቾ ወዲያ ካለው ሜዳ ደረሰ። ቤት መኪናዋ ከአንድ ዝግባ ሥር ቆማለች። ወልደ ሚካኤልና ቱፋ ጎን ለጎን ሣር ላይ ተዘርግተዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ዝንብ የቱፋ ግንባር ላይ ይሄዳል። አባቴ ከፈረሱ ወረደ ሳይሆን ወደቀ። በጉልበቱ እየዳኸ ሄዶ የወልደ ሚካኤልን እግር ነካ።

ወልደ ሚካኤል አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሣህሌ? ማን ሞቶ ነው የመጣኸው?»

አባቴ አለቀሰ። እያለቀሰ ስለ በሶው ጠየቀ። ወልደ ሚካኤል ሳቀበት። «የአርሲ ወተት እያለ በሶ ማን ያስታውሳል? አልነካነውም።»

አባቴ ፈጣሪውን አመስግኖ መኪናዋ ውስጥ ገባ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ሽሮ፤ በርበሬ፤ ስኳር፤ ጨው፤ ሩዝ። ስድስተኛው ባዶ ነበር።

«ይኼስ?» አለ።

ቱፋ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር። ወጣት ነው፤ ረመዳን ስለሆነ ጾሞ ውሏል። «ጋሼ፣ እሱን ለቱሳ ቤት ሰጠሁት» አለ። «ያ ማዶ ያለው ግቢ ነው። ከመጣን ጀምሮ ወተት ይልኩልናል። ዛሬ ጠዋት የወተቱን ጮጮ ስመልስ ባዶውን እንዴት እሰጣለሁ? ነውር ነው። በሶውን ሞላሁበት።»

ባዶ ዕቃ ወደ ሰጪው ቤት አይመለስም። አባቴ ይህን ሕግ ከቱፋ በፊት ያውቀዋል፤ እሱም ቢሆን የሚያደርገው ያንኑ ነበር። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሠራ ባለጌ አይደለም፤ በደንብ ያደገ ሰው ነው።

መርዝ መሆኑን ሲነግራቸው ቱፋ ፀሐይዋን አየ። ቱሳ ቤት ሁሉም ጾመኛ ነው፤ አፍ የሚነካው ስትጠልቅ ነው። ፀሐይዋ የተራራው ጫፍ ላይ ለመድረስ አንድ ጋት ቀርቷታል። ሦስቱም ሮጡ። እየሮጡ ወልደ ሚካኤል የአባቴን ክንድ ያዘ። «ሻግቷል በላቸው» አለው። «ሻግቷል፣ ሌላ እንሰጣችኋለን በል። መርዝ ካልክ ጦራቸው እኛ ላይ ነው የሚያርፈው። ልጆች አሉን።»

«እሺ» አለ አባቴ። ይህንንም ራሱ ነው የነገረኝ።

ግቢው ውስጥ ቱሳና ሁለት ጎልማሳ ልጆቹ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጦሮቻቸው አጥሩን ተደግፈዋል። ከፊታቸው ገበቴ አለ። የቱሳ ሚስት አይሻ በሶውን በቅቤ ለውሳ ጩኮ አድርጋዋለች። ቱሳ እንግዶቹን ሲያይ ደስ ብሎት ተነሣና በኦሮምኛ ሰላምታውን ጀመረ። አባቴ ሰላምታውን አልመለሰም። ጎንበስ ብሎ ገበቴውን አነሣና ደረቱ ላይ ያዘው።

ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ፊት ያለን ምግብ መንጠቅ አርሲ ውስጥ ተደርጎ አያውቅም። ልጆቹ ተነሡ።

«ሻግቷል» አለ አባቴ፤ ቱፋ ተረጎመው።

ቱሳ ሳቀ። «እኔ አሽትቼዋለሁ። ምንም አልሆነም። ለዚህ ነው እንዲህ ያላባችሁ?»

አይሻ ከደጅ ሆና «ቢሻግትስ ሰው አይገድልም» አለች። «ለጎረቤትም ከፍዬ ልኬላቸዋለሁ፣ ለሁለት ቤት። አማቴም ታማ ስለማትጾም ቀትር ላይ በልታለች፤ ጣፈጠኝ ነው ያለችው።»

አባቴ ያችን ጊዜ ሲያወራ ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ገበቴውን ይዞ ቆሟል። ገበቴው ፊት ያሉት ድነዋል። ሻግቷል ብሎ ቢሄድ ማንም አይነካውም። ግን ለሻገተ በሶ ብሎ ወደ ሁለት ቤት የሚሮጥ ሰው የለም፤ ፀሐይዋ ደግሞ ግማሿ ገብታለች። ወልደ ሚካኤል ከኋላው ጋቢውን ይጎትታል። «ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር» ይል ነበር አባቴ።

«ቱፋ፣ መርዝ ነው በላቸው» አለ።

ቱፋ አልተረጎመውም። አባቴ እንደገና ነገረው፤ አሁንም አልተረጎመም። አባቴ ግን የመርዝን ስም በኦሮምኛ ከገበያ ያውቀው ነበር። «ሱሚ» አለ። ገበቴውን እያሳየ «ሱሚ። የአይጥ ሱሚ። የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ደረቱንም በእጁ መታ።

ከዚያ ቱሳ ልጆቹን አንድ ቃል አዘዛቸውና ሁለቱም እየጮኹ ወደ ሁለት አቅጣጫ በረሩ። ድምፃቸው ከሸለቆው ማዶ ይሰማ ነበር። በአንዱ ቤት ሳህኑ ገና አልተነካም። በሌላው ቤት አባወራው የጠቀለለውን በእጁ ይዞ ነበር፤ መትተው አስጣሉት።

የቱሳ እናት አዴ ፋጡ ግን በልታለች። መደብ ላይ ተጠቅልላ ሆዷን ይዛ አገኟት። ወተትና የቀለጠ ቅቤ እያጠጡ አስመለሷት። ወልደ ሚካኤል ያችኑ መኪና ነድቶ ከጢቾ ድሬሰሩን፣ የጤና ረዳቱን፣ ይዞ መጣ። ድሬሰሩ ከዚህ ብትነቃነቅ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ ወተቱን አታቋርጡ፣ የሚሆነውን እግዜር ያውቃል አለ።

ቱሳ ጦሩን ከአጥሩ አንሥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው። አልጮኸም፤ አባቴን ያስፈራውም እሱ ነው። «እነዚህ ይሂዱ» አለ፤ አሁን ቱፋ ተረጎመ። «አንተ እዚህ ትቀመጣለህ። እናቴ እስክትነሣ ወይም እስክትቀበር።»

ወልደ ሚካኤል ልቆይ አለ፤ አባቴ ሂድ አለው። ከዚያ እንደ አዲስ አማች አንገቱን ደፍቶ የጎጆው በር ሥር ተቀመጠ። ሐሙስን ሙሉ እንደዚያው ዋለ። ፊት ለፊቱ ቱሳ አለ። ውሃ አስቀመጡለት፤ ምግብ አልሰጡትም፤ ቢሰጡትም አይወርድለትም ነበር። ሥራው መስማት ብቻ ሆነ። የአሮጊቷ ትንፋሽ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሲዘገይ የእሱም ይቆማል። ስታቃስት ደስ ይለዋል፣ ዝም ስትል ጆሮውን ወደ በሩ ያስጠጋል። የሞት ዓይነት ሁሉ አስቦ የማያልቅበት ሰው አሁን የሚያስበው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ አልነበረም። ቱሳ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አባቴ ፊቱን ለማየት ይፈራል፤ ሳያይ መቆየትም አይችልም።

ዓርብ ጠዋት ከውስጥ የሴቶች ንግግር ሰማ። አይሻ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ገንፎ ይዛ ገባች፤ መሀሉ ላይ ቅቤ አለ። ጥቂት ቆይቶ ቱሳ ብቅ አለና በእጁ ግባ አለው።

አዴ ፋጡ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ጨልሟል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ግን ተቀምጣለች። ልጇን ይህ ማነው ብላ ጠየቀች። ቱሳ ነገራት፤ አባቴ ከአነጋገሩ ውስጥ ያወቀው «ሱሚ» የምትለዋን ብቻ ነው። አሮጊቷ ብዙ አየችው። ከዚያ ከገንፎው በእጇ ቆረሰች፣ ቅቤውን አስነካችና ወደ እሱ ዘረጋች።

አባቴ ዓርብን በልቶ አያውቅም ነበር። ግን እውነቱን ይናገር ነበር፤ ያሰበው ጾሙን አልነበረም። ያሰበው፣ ይህች ሴት እኔ ያበላኋትን ብታበላኝ ማን ይፈርድባታል የሚለውን ነው። ቱሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ አይሻ ሳህኑን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። የአሮጊቷ እጅ ግን እንደተዘረጋ ነው፤ አልወረደም።

አፉን ከፈተ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም ልጆች ወልጄ፣ ምን እንደተሰማው ጠየቅሁት። «ፈራሁ» አለኝ። «ውጬም ፈራሁ፤ ሆዴን እያዳመጥኩ ነው ጢቾ የገባሁት።» ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «እሷ ግን የኔን በሶ ስትበላ አልፈራችም ነበር።»